ተመለሱ ያልኳቸው ሰዎች

አስካለ፣ የቤቴ እመቤት፣

እንደምን ሰነበትሽ አልልሽም። ያለሽበት ቦታ እንዴት እንደሚሰነበት አላውቅም፤ የማላውቀውን ደግሞ አልጠይቅም፣ ጠባዬን ታውቂዋለሽ። ከተለየሽን ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። የመጀመሪያውን እንዴት እንደዋልኩት አላስታውስም። የዘንድሮውን አስታውሰዋለሁ፤ ደክሞኝ ነው የዋልኩት።

ይኼን የሚጽፍልኝ መምህር ታደሰ ነው። አዎ፣ የታችኛው ፎቅ ታደሰ። ሜሮን ኮሪደር ላይ ኳስ ስታነጥር በመጥረጊያ እንጨት ከታች ሆኖ ጣራውን የሚደበድበው፣ አንቺም "አሁን ይኼ የተማረ ሰው ነው?" የምትዪው። እሱም እንደኔ ብቻውን ቀርቷል፤ አሁን ሬዲዮ የምንሰማው አብረን ነው። ፊደል እንደማልቆጥር ቤት ውስጥ የቀረ ነገር ነበር፣ ይኸው እሱም አወቀው። አታሳምርብኝ ብዬዋለሁ። ያልኩትን ጻፍ፣ ያላልኩትን አትጨምር፣ አንተ ብዙ ቃል ታውቃለህ ብዬዋለሁ። ይስቃል። ይሳቅ።

ስለ ቤቱ ልንገርሽ። ያው ዌስት አዳምስ፣ ያው ቤት ነን። አልጋሽን ወደ መስኮቱ አስጠጋነው፣ ሜሮን ተኛችበት። ጤና አዳምሽ ደርቋል። ውሃ ነፍጌው አይደለም፤ አጠጣሁት፣ አብዝተህ ነው ያጠጣኸው አሉኝ። ልጃችን ሰናይት አሁንም ዌስትቼስተር ኤርፖርቱ ጋ ያለው ሆቴል ነች። ማኔጀር አደረጓትና ከዚያ ወዲህ ቤቷን የምታየው ለመታጠብ ነው። ፌርፋክስ ላይ ዕድሜዬን የጨረስኩበት ፓርኪንግ ሰው የለውም፤ ማሽን ገትረውበታል። እኔ ቁልፍ ተቀብዬ፣ መኪና ከመኪና ሳላነካካ አስገብቼ የማወጣበትን ቦታ አሁን ማንም እንዳሻው ጎማውን አጣሞ ፓርክ አድርጎ ይሄዳል። አይቼ አልፋለሁ። ከፊት ለፊቱ ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ደጅ የቆሙት "ጋሽ በላይ፣ ይግቡ እንጂ" ይሉኛል። አልገባም። "ተጽናኑ? በረቱ?" ይሉኛል፤ ለዚያ መልስ መፈለግ ያደክመኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጉዳዬ የልጅ ልጃችን ናት፣ የሰናይት ልጅ።

ሜሮን በቁመት አልፋኛለች። በር ስትገባ ጎንበስ የምትል ይመስለኛል፣ እስከዚያ ድረስ። አንቺ ስትሄጂ ገና ሰፈር ፓርክ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ቅርጫት ኳስ የምትጋፋ ልጅ ነበረች። ያን የነጻ ውርወራ ስትወረውር አንቺ ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ትጥዪና "ገባ? ገባ?" ትዪኝ ነበር። አሁን ይገባል አስካለ። ቤታችን አጠገብ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ገባች፣ በገባች በወሩ ከትልልቆቹ ጋር አሰለፏት። አንድም ጌም አልቀረሁም። እንጨቱ ወንበር ላይ ወገቤ እየተሰነጠቀ ቁጭ እላለሁ። ጨዋታውን አላውቀውም፣ ሕጉ አይገባኝም፤ ቦታ ግን አውቃለሁ። ማን ሊወጣ ነው፣ የቱ ጋ ሊከፈት ነው፣ ያንን ዕድሜዬን ሙሉ ሳይ ነው የኖርኩት። ልጅቷ ቦታው ሳይከፈት ኳሱን ትልከዋለች። ሌላዋ ልጅ ስትደርስ ኳሱ ይጠብቃታል። በአማርኛ "ዙሪ! ከኋላሽ!" እያልኩ ስጮህ ኖሬ የቡድኑ ልጆች በሙሉ "ዙሪ" ማለት ተማሩ። ጥቁሩም ሜክሲኮውም "ዙሪ፣ ዙሪ" ይባባላሉ። እኔን ደግሞ ሁሉም አባባ ነው የሚሉኝ።

አሰልጣኛቸው፣ ኮች የሚሏት፣ ሚስ ዴኒስ ትባላለች። አታውቂያትም፣ እሷ ግን ታውቅሻለች፤ ሙት ዓመትሽ ላይ ሜሮን ጠርታት መጥታለች። ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ ታሪክ ታስተምራለች፣ ድምጿ እንደ ወታደር ነው። የልጆቹን ማልያ ቤቷ ወስዳ የምታጥበው ራሷ ናት። ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ መሀል ገብታ፣ ቄሱ የሚሉት አንድም ሳይገባት፣ እስኪያልቅ ቁጭ አለች። ያን ቀን ይቺ ሴት ሰው ናት አልኩ።

ሁዳዴው አጋማሽ ላይ አንድ ቅዳሜ እንግዳ መጣብን። ሰናይት ቀደም ብላ "አባዬ፣ ሱፍህን ልበስ፤ ፕረፕ ስኩል ነው። ከዚያ የወጣ ልጅ ትልቁን ዩኒቨርሲቲ ነው የሚገባው። ወጪዋን ሁሉ ይችሏታል" አለችኝ። ፕረፕ የሚሉት የሀብታም ትምህርት ቤት ነው፤ ከተራሮቹ ወዲያ፣ ልጆቹ እዚያው ያድራሉ። ሜሮንን አንድ ጌም ላይ አይተዋታል። አንዲት ረጅም ነጭ ሴት፣ የዚያ ትምህርት ቤት ኮች፣ ከሷም ጋር ሁለት ወንዶች ክራቫት ያሰሩ። ሦስት ሰው፣ በጠዋት፣ ለባብሶ፣ ልጅህን ስጠን ብሎ ደጅህን ቢያንኳኳ በኛ ዘንድ ምን ይባላል? ሽማግሌ ነው። ሌላ ስም የለውም።

ብቻ ወግ አያውቁም። የኛ ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር፣ ተቀመጥ ሳይባል አይቀመጥም። እነዚህ ገና ሲገቡ ሶፋሽ ላይ ዘፍ አሉ። ይሁን፣ አገራቸው ነው አልኩ። ሴትዮዋ አወራች፣ ሰናይት ተረጎመችልኝ። መኝታው እንዲህ ነው፣ መምህሩ እንዲያ ነው፣ ሜዳው እንዲህ ነው። ቀጥላ ምን ብትል ጥሩ ነው? ዘጠነኛ ክፍልን ትድገም!

ጆሮዬን አላመንኩም። ልጅቷ አልወደቀች፣ ነጥቧ መልካም ነው፣ ምን ስለሆነች ነው የምትደግመው? ሰናይት "አባዬ፣ እዚህ ውርደት አይደለም፤ ስፖርት ያለው ልጅ ያደርገዋል፣ አንድ ዓመት ጎልብታ እንድትወዳደር ነው" አለችኝ። እኔ በላይ ዕድሜዬን ሙሉ አንድም ክፍል ደግሜ አላውቅም። ባልገባም አልደገምኩም። አሁን ታደሰ ሳቀ፣ ብዕሩን አቆመ። ጻፍ አንተ።

ስቆጣ አልታየሁም። ያባት ወግ ያዝኩ። "ሰምተናል፣ እንመካከርበታለን፣ ተመለሱ" አልኳቸው። በመጀመሪያው ቀን ልጁን አንስቶ የሚሰጥ የት አለ? ልጅቷ ምን ጎድሎባት ነው አይባልም? ሰናይት እንደተናገርኩት አድርጋ ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ እጄን ጨበጠች፣ ሄዱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱፌን ለበስኩ። ጢሜን ተላጨሁ። ሶፋው ላይ የነበረውን የሜሮንን ልብስ አነሳሁ። ጠበቅኩ። አልመጡም። የሚቀጥለውም ቅዳሜ ለበስኩ። ያን ጊዜ ሰናይት ከሥራ ስትመጣ አየችኝና "አባዬ፣ ለቅሶ አለብህ?" አለችኝ። እንግዶቹን እየጠበቅኩ ነው ስላት ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለችው። "አይመጡም እኮ! ኢሜይል ነው የላኩት፣ እስከ ትናንት ዓርብ መልስ ስጡን ብለው፤ እኔም ያየሁት ዛሬ ነው። ሪጀክት ያደረግካቸው ነው የመሰላቸው። ወረፋ አለ አባዬ፣ ሌላ ልጅ አላቸው፣ እነሱ አይለምኑም!" የሚፈልግ ይመለሳል አልኳት። እናትሽን ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኬ ነው ያገኘኋት አልኳት። "እማዬን ስኮላርሺፕ አልሰጠሃትም!" ብላኝ ክፍሏ ገባች። እውነቷን ነው፣ አልሰጠሁሽም።

እነ ሰናይት አሁን እንደሚዳኙኝ ሳይሆን አንቺ እንደምታውቂኝ ስሚኝ። ሰናይት አታናግረኝም፣ እኔም አላናግራትም። ሜሮን በመሀላችን ሹሮዋን ትበላለች፣ ልምምዷን ትሄዳለች፣ ትመጣለች። የሁለታችንንም ፊት አታይም። ጌም ላይ ስጮህ እንኳ አትዞርም። ልጅቷ ደክሟታል አልኩ፣ ጾም ነው አልኩ። ለራሴ ብዙ ነገር አልኩ።

ሰኞ ሆነ። የሕማማቱ ሰኞ ነው። ጠዋት ኩሽና ስገባ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ታስራለች። ቀና ሳትል "አባባ" አለችኝ። "ወይ" አልኩ። "ባይመለሱስ?" አለችኝ።

አስካለ፣ እዚያው በሩ ላይ ቆምኩ። በመጨረሻው ሕመምሽ እግርሽን ሳሽልሽ የነገርሽኝን ሰማሁ። አባትሽ ጉለሌ ሽማግሌዎቼን ተመለሱ ብለው የሸኙ ለት አንቺ ከበሩ ኋላ ቆመሽ፣ "ሰውዬው ኩሩ ነው ይሉታል፣ ተቀይሞ ባይመለስስ?" ብለሽ ምሳም እራትም እንዳልበላሽ ነግረሽኝ አልነበር? እኔ ያን ጊዜ ሳቅኩብሽ። ለካ በዚያ ወግ ውስጥ አባትየው ይኮራል፣ ሽማግሌው ይደክማል፣ ከበሩ ኋላ ያለችውን የሚያያት የለም።

"መሄድ ትፈልጊያለሽ?" አልኳት። እስከዚያ ቀን ማናችንም አልጠየቅናትም፤ ሰናይትም ትሄዳለች ስትል፣ እኔም ይመለሱ ስል። "ሚስ ዴኒስንስ? ጓደኞችሽንስ?" አልኳት። የጫማዋን ክር አጠበቀች። "እወዳቸዋለሁ" አለች፣ "ግን አባባ፣ እዚህ ሁሉንም አሸንፋቸዋለሁ። እዚያ እኔን የሚያሸንፉኝ ልጆች አሉ። ሶ... እነሱ ጋ ነው መጫወት የምፈልገው።"

ሌላ ልጅ ማሸነፍ ነው የሚወደው። እኔም ብሆን።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፣ ሳልነግርሽ ታውቂዋለሽ። ያ ሁሉ ወግ፣ ያ ሁሉ ተመለሱ፣ ግማሹ ብቻ ነው ወግ። ግማሹ እንዳትሄድብኝ ነው። አላፍርበትም። ሰናይት ሥራ ናት፣ አንቺ የለሽም፣ ጠዋት "አባባ" የሚለኝ አንድ ሰው ነው ያለኝ። እሱንም ከተራራ ወዲያ ላክ ሲሉኝ እጄን ዘርግቼ እንድሰጥ ነበር የሚፈልጉት?

ግን ባይመለሱስ አለች። አለቀ። ከዚያ በኋላ ኩራት የኔ ነው፣ ጉዳቱ የሷ ነው።

የዚያኑ ዕለት ታደሰ ጋ ወረድኩ። "ሱፍ አለህ?" አልኩት። ጉዳዩን ስነግረው "ጋሽ በላይ፣ ስልክ ይደወልላቸው እንጂ" አለኝ። ሽማግሌ በስልክ ተልኮ ያውቃል? እርግጥ የሴት ወገንም ተነስቶ ሄዶ አያውቅም። አንዱን ወግ ማፍረሴ ካልቀረ ሌላውን ልያዝ አልኩ። እኔ አንድ፣ ታደሰ ሁለት። ሦስተኛ ያስፈልገኛል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አሉ፣ ግን ስለ ልጅቷ ምን ያውቃሉ? የልጅቷን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነው የምፈልገው።

ማክሰኞ ሜዳው ጋ ሄጄ ሚስ ዴኒስን ጠበቅኳት። ሜሮን "አባባ፣ ኖ፣ ይኼ በጣም ዊርድ ነው፣ ያሳፍራል፣ እኔ አልተረጉምም" አለች። "ተርጉሚ" አልኳት። መሬት መሬት እያየች ተረጎመች። ሚስ ዴኒስ ፊሽካዋን ከአንገቷ አወለቀች። ከዚያ "ልጄን ከእጄ ልትወስዱ፣ ደግሞ እኔው ሽማግሌ ልሁናችሁ?" አለች። አዎ አልኳት። "የጓደኛህ መኪና ተራራውን ይወጣል?" አለች። አይወጣም አልኩ። "በኔ እንሄዳለን" አለች።

ረቡዕ፣ ሰናይት ሥራ ላይ ሳለች፣ ሄድን። መንገዱ ረጅም ነው። ታደሰ አጠገቤ ተኛ፣ አንኮራፋ፤ ይኼን ባይጽፈው አውቅበታለሁ። ፊት ሚስ ዴኒስና ሜሮን ናቸው። ሙዚቃም አልከፈቱም። ባዶ ሆዴን ነኝ፣ ወገቤ አልቋል፣ ኮረብታው በኮረብታ ላይ ይመጣል። ልጄን ምን ያህል አርቄ ልሰጥ ነው የምሄደው እያልኩ መንገዱን በዓይኔ ለካሁት።

ግቢው ያምራል። ማማር ምን ያደርጋል፣ ግን ያምራል። ረጅሟ ሴት ከቢሮዋ ወጣች፣ ስታየን ግራ ገባት። "ተቀመጡ፣ ተቀመጡ" አለች። አልተቀመጥኩም። ታደሰም አልተቀመጠም። ሚስ ዴኒስ እኛን አይታ ቆመች፤ ማንም አልነገራትም። ጉዳዬን ተናገርኩ። "ልጃችንን ፈልጋችሁ ደጃችን መጣችሁ። ተመለሱ አልናችሁ፣ አልተመለሳችሁም። እኛ ዘንድ ተመለሱ ማለት እንቢ ማለት አይደለም፤ ልጅቷ የምትወደድ ናት ማለት ነው። እናንተ ስላላወቃችሁ እኔ መጣሁ። አሁንም ትፈልጓታላችሁ ወይ?" ታደሰ አንድም ሳያስቀር ተረጎመው፤ ለዚያስ አመስግኜዋለሁ። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እንቢ ያልን መስሏት ነበር። ለሌላ ልጅ ነገ ልትደውል ነበር።

"እንፈልጋታለን" አለች። ያን ጊዜ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ውል ነው። ጾም ስትጾም የጾም ምግብ ይቀርብላት፣ አልኩ። እሺ አለች። ፋሲካ ሲሆን ጨዋታ ቢኖርም ባይኖርም ቤቷ ትመጣለች፣ አልኩ። ትንሽ አሰበች፣ እሺ አለች። ዘጠነኛን አትደግምም፣ አልኩ። ይኼን ጊዜ ሜሮን በእንግሊዝኛ ቀደመችኝ። ታደሰ ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብሎ "እደግማለሁ እያለች ነው፤ አያቴ ክፍል የሚደግመው ሰነፍ ነው ብሎ ያስባል፣ እኔ ግን ለማደግ አንድ ዓመት ይጨመርልኝ እያለች ነው" አለኝ። ሚስ ዴኒስን አየኋት። ይሁን በሚል አንገቷን ነቀነቀች። እሺ አልኩ። እሺ የምትል ቃል እንደዚያን ቀን ከብዳኝ አታውቅም።

ስንመለስ ሚስ ዴኒስ ነዳጅ ልቅዳ ብላ ወረደች። ቀድታ ጨርሳም አልገባችም። ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ወርጄ አጠገቧ ቆምኩ። የሷን ቋንቋ አላውቅ፣ የኔን አታውቅ። ሁለታችንም ወደ መንገዱ እያየን ቆይተን ገባን።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ባለፈው እሑድ፣ ወሰድናት። ሰናይት እረፍት ወጥታ ነዳች፤ ታርቀናል፣ ማን እንደቀደመ አልነግርሽም። መኝታ ቤቷን አየሁት፣ ሁለት ልጆች ናቸው። ሌላዋ ልጅ ከሜሮን ትረዝማለች። ሜሮን ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ ወደ ሜዳው ይዛት ሄደች። እኔ ደጅ ቆሜ ቀረሁ። ኋላ ሜሮን ሮጣ መጣችና ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ሳላስተምራት። አንቺ አስተምረሻት መሆን አለበት። እጄን ራሷ ላይ ጭኜ መረቅኳት።

አሁን ቤቱ ዝም ብሏል። ሰው "ደስ ይበልዎ፣ ለወግ ለማዕረግ አበቋት" ይለኛል። ደስ ብሎኛል። ደስታና ድካም አንድ ላይ ሲመጣ ግን ሰው ድካሙን ነው ይዞ የሚተኛው።

አስካለ፣ ፎቶሽን ሳይ ነው የማስታውስሽ ብዬ አልዋሽሽም፤ ዓይኔ ደክሟል፣ ፎቶው ደብዝዞብኛል። እኔ የማውቀው ቅዳሴውን ነው። ቄሱ ስለ መንገደኞች ጸልዩ ሲሉ ድሮ ዝም ብዬ እሰግድ ነበር፤ የምለው ሰው አልነበረኝም፣ መንገደኛው እኔው ነበርኩ። አሁን እዚያ ላይ ሜሮን ብዬ እጠራለሁ። ስላንቀላፉት ጸልዩ ሲሉ አንቺን በክርስትና ስምሽ እጠራለሁ። በሁለታችሁ መሀል ያለው ጸሎት ረጅም ነው፣ እግሬ ይዝላል፤ አንዳንዶቹ "ጋሽ በላይ፣ አሁን ወጣ ብለው ይረፉ" ይሉኛል። አልወጣም። አንዳችሁን ጠርቼ ሌላችሁን ሳልጠራ ከዚያ ቤት አልወጣም። እግሬ እስከቻለ እሑድ እሑድ ስሚኝ።

ባልሽ በላይ